ጥግ ላይ ያለችው ጉንዳን

ከአቃቂ ሐዲድ ማዶ፣ ከክር ፋብሪካው ጀርባ፣
ሊፈርስ ነው የተባለ ቤት ለመጨረሻ ልገባ
ሄድኩ።
በሩ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ጽፈውበታል፤
የወረዳው ልጅ እጅ ነው፣ ቀለሙ ወርዶ ተንጠባጥቧል።
ጋሽ ዘርጋው ቆሞ ቢያየው፣ የቤቱን መፍረስ ረስቶ፣
ልጁን ብሩሽ ያስይዘው ነበር፣ እጁን በእጁ አቅንቶ።

የደብር ሠዓሊ ልጅ ነው፣ ከመንዝ ወዲያ ከገጠር፤
ያደገው አፈር ሲበጠብጥ፣ ለቀለም እንቁላል ሲሰብር።
አባቱ «ኃጥእ በአንድ ዓይን፣ ጻድቅ በሁለት» እያሉ
ሲያስተምሩት፣ እሱ ተደብቆ፣ ሰው ሁሉ በተኛበት፣
ለይሁዳ ሁለተኛ ዓይን ጨመረለት።
በጥፊ ተመታ። ሲነጋ
ጨርቁን ጠቅልሎ ወጣ፤ በጭነት መኪና ተሳፍሮ
አቃቂ ወረደ፣ ከሽንብራ ጆንያ ጋር ተቆጥሮ።

ሕልሙስ ትልቅ ሸራ ነበር። አንዴ፣ በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣
ለኤግዚቢሽን ቢያቀርብ፣ አገላብጠው አዩለት፤
«ይሄ የመጽሐፍ ሥዕል ነው» ብለው መለሱለት።
ሸራውን በዝናብ ተሸክሞ፣ ከለገሃር እስከ ቤት
በእግሩ።

የመጽሐፍ ሠዓሊ ሆነ።
ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት በማተሚያ ቤት፣ ከመስኮት አጠገብ ወንበር፤
የ‹በ›ን በግ፣ የ‹ፈ›ን ፈረስ፣ የ‹ዝ›ን ዝሆን የሣለው እሱ ነበር።
ዝሆን ግን አይቶ አያውቅም፤ ጆሮውን ከኮባ ቅጠል፣
ቆዳውን ከዘበኛው አሮጌ ካፖርት ወሰደው ይባላል።

እኔ ሦስተኛ ክፍል ነው ያገኘኋት፤ በጅቡ ተረት ገጽ ላይ፣
ከቀኙ ጥግ፣ ከቁጥሩ በላይ፣ ላልፈለጋት የማትታይ
አንዲት ጉንዳን።
ገለጥኩ። ከዝሆኑ እግር ሥርም አለች። ከገበያው ሥዕልም ውስጥ፣
ከቅቤ ሻጯ ቅል አፍ ላይ፣ እግሯን አንስታ ስትመሰጥ።
ስሙ የትም አልታተመም፤ «ሥዕል፦ መምሪያው» ነው የሚለው፤
መምሪያ እርሳስ የሚቀርጽ ይመስል፣ መምሪያ ጣት ያለው!
ጉንዳኗ ነበረች ፊርማው።

አብዮቱ ሲመጣ ጡጫ አዘዙት። ሞዴል ስላጣ
የገዛ ግራ እጁን ጨብጦ ሣለ፤ በየግድግዳው የወጣ
ያ ሁሉ ጡጫ የእሱ ነው።
እትዬ ደብሪቱ ትስቅ ነበር፦
«አገር የሚያስፈራራው እጅ፣ እቤት ሽንኩርት ይልጣል።»
በኋላ፣ ወንድሟን አንድ ሌሊት መጥተው ወሰዱት።
ጋሽ ዘርጋው ግራ እጁን በፋሻ ጠቅልሎ ቢሮ ገባ፤
«ወደቅኩ፣ ተሰበረብኝ» አለ።
ያለ አንዳች ስብራት፣ ያቺን ፋሻ
አሥራ አራት ወር አልፈታም።

ከዚያ ኮምፒዩተር መጣ። አዲሱ ኃላፊ ወጣት ነው፤
«ጋሼ፣ ዝሆን ዛሬ ከኢንተርኔት ይወርዳል» ቢለው፣
«ከሥሩ አትቁም ታዲያ» አለው።

ጡረታው ቀለም አይገዛ። የሥጋ ቤት በሬ ሣለ፣
የጸጉር ቤት ሙሽራ፣ የባጃጅ ጀርባ፤ ምን ያልሣለ!
በሬው ሁለት ዓይን አለው፤ ባለቢላዋውም ሁለት።
ሞራ ሲጋርደው እንኳ፣ ቆርቆሮውን በጣቱ እየዳሰሰ፣
የት እንደደረሰ ያውቅ ነበር፤ ቀለሙ እስኪደርቅ እየጠበቀ፣ እየመለሰ።

ዛሬ የቤቱን ኮርኒስ ሳወርድ፣ አቡጀዲው መሃል አንድ ወፍራም ሸራ፤
ፊቱ ወደ ጣሪያ ዞሮ፣ ስንት ክረምት የቆጠረ፣ አቧራ ያዘለ፣ ጭራሮ ያፈራ።
ገለበጥኩት።
አንድ ሽማግሌ፣ ብሩሽ ይዘው፣ ግድግዳ ፊት ቆመዋል፤
ጎናቸውን ሰጥተውናል። አንድ ዓይን ብቻ ይታያል።
አባቱ ናቸው።
ሁለተኛዋን፣ በእርሳስ፣ በሚንቀጠቀጥ የሽማግሌ እጅ፣
ከጉንጫቸው ላይ ጀምሮ ትቷታል።

ዝቅ ብዬ ቀኙን ጥግ ፈለግሁ።
አለች።
ልነካት ጣቴን ብሰድ፣
ተራመደች።